የወይራ ውታፍ

ሙንጂ እንደሚለው ትራክተሯን ያበላሻት ታናሽ ወንድሙ ሪዳ ነው፤ የመጸው ጎርፍ በወረደ ሰሞን ሆዷ ድረስ እየጠለቀች ወንዝ አሻግሯታል። ሪዳ እንደሚለው ደግሞ ያበላሻት ሙንጂ ነው፤ ለልጁ ሰርግ ብሎ በውሃ ጎማ እንደ ሙሽራ አጥቧታል። ሁለቱም ያደረጉትን አልካዱም። የካዱት ጥፋቱን ነው።

ትንሿ ትራክተር ግን ማረሻዋን ማንሳት አቅቷታል። ክንዶቿ እየተንቀጠቀጡ ግማሽ ላይ ይቀራሉ። የሃይድሮሊክ ዘይቷም ነጥቶ እርጎ መስሏል፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው።

አባታቸው ሐጅ ላዝሃር ይህን ሲሰሙ፣ "ዘይቱን ቀይሩና ውሃው በማን እንደገባ ንገሩኝ። ቁልፏ ጥፋት ለሌለበት ነው። ሌላው መሪዋን አይነካም" አሉ።

ሙንጂ ከተማ ውስጥ ሱቅ አለው። ትራክተሯን መንዳት ግን ከሱቁ አብልጦ ይወዳል። ሪዳ የሚኖረው በጎረቤቶቹ የወይራ ዛፎች መሃል እያረሰ ነው። ቁልፏን ካጣ ኑሮውን አጣ።

ጠዋት ዘይቱ እንዲቀጥን ሞተሩን ጥቂት አስነስተው አጠፉት። ሐጅ ላዝሃር ከለውዙ ዛፍ ሥር ወንበራቸው ላይ ሆነው ከሩቅ ያያሉ። ሪዳ ከሥሯ ገብቶ የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታ። ዘይቱ ሳፋው ላይ ተንዠቀዠቀ።

"ወንዙ ይኸውልህ" አለ ሙንጂ። "ዓሣ ካገኘህ ለምሳ አስቀርልኝ።"

"የሰርግህ ሳሙና ነው እንጂ። አረፋውን አታይም?"

"አንተ ድሮም ጥፋትህን ሰው ላይ ማላከክ ታውቃለህ።"

"ካንተ ነው የተማርኩት፣ ታላቄ አይደለህ?"

ማጣሪያውን ለውጠው ቡሎኑን መለሱ። አዲሱን ዘይት ለመሙላት ከመቀመጫዋ ሥር ያለውን ክዳን መክፈት ቀረ። እስከ ዘንድሮ እዚያ ክዳን ላይ እጁን ያሳረፈ ልጅ አልነበረም፤ ዘይት የሚጨምሩት አባትየው ብቻ ነበሩ። ዘንድሮ ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

መፍቻው ክዳኑን አልይዝ አለ። ሪዳ የተጋገረውን ቅባት በጨርቅ ቢጠርገው ብረት አይደለም። እንጨት ነው፤ በቡትቶ የተጠቀለለ የወይራ ውታፍ። አናቱ ላይ፣ በቤታቸው የዘይት ጋኖች ውታፍ ሁሉ ላይ ያለችው የአባታቸው ምልክት፣ አንዲት ጠማማ ጭረት፣ ተቀርጻበታለች።

በዚያ መንደር እንዲህ ያለ ውታፍ የተወተፈ ጋን ጠብታ አያሳልፍም። ጋን ግን ጓዳ ውስጥ ቀዝቅዞ ይቀመጣል፤ የትራክተር ሆድ ሲሠራ ይግላል። እንጨቱ ደርቆ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ውሃው የገባው በዚያ ነው። ወንዙም ሰርጉም ባይኖሩ የክረምቱ ዝናብ ይበቃ ነበር።

ሪዳ ቀና አለ። ሙንጂም አይቷል። ሁለቱም ወደ ለውዙ ዛፍ ዞሩ። ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ፊት ስበው አንገታቸውን አስግገዋል። በመንደሩ እቃ የተሰበረበት ሁሉ ሊያሠራ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር፤ አሁን የሻይ ብርጭቆ እንኳ የሚይዙት በሁለት እጅ ነው።

ሪዳ ውታፉን ኪሱ ከተተው። ይህን አሳይቶ ነጻ መውጣት ይችል እንደነበር ያውቃል። ሙንጂ የወንድሙን ኪስ አየና ዘይቱን መቅዳት ጀመረ። ቀዳዳውን ከከተማ ክዳን እስኪመጣ በላስቲክና በሽቦ ጠፍረው አሰሩት።

ሞተሩ ተነሣ። ክንዶቹ ማረሻውን ይዘው ቀጥ ብለው ወጡ፤ ወረዱ፤ ደግመው ወጡ።

ሐጅ ላዝሃር በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። "እሺ፣ በማን ነው የገባው?"

ሪዳ ኪሱ ውስጥ ውታፉን ጨበጠ። ሙንጂ እጁን በጨርቅ ጠረገና ቁልፏን ነቅሎ ለአባቱ አቀበለ።

"በእኔ ነው፣ አባ። በሰርጉ ጊዜ ውሃ የረጨሁባት እኔ ነኝ። ቁልፏን ለሪዳ ይስጡት፤ ከእንግዲህ እኔ ከኋላዋ ተጎታቹ ላይ ነው የምቀመጠው።"