በረዶ እስኪወርድ የታሰረ መጽሐፍ

ጥፋቱ ሁሉ የመጣው የኮኩም ቪክቶሪን መጽሐፍ በቢምቢ ወራት በመመረቁ ነው። እኛ በሰሜን ሐይቅ ዳር ባለነው ነባር ሕዝቦች ዘንድ የጥንቶቹ ተረቶች የሚነገሩት በረዶ መሬቱን ሲሸፍን ብቻ ነው። የሐይቁ በረዶ ከቀለጠ በኋላ የተረተ ሰው አልጋው ውስጥ ጉርጥ ይገባል፤ ጉርጡን ደግሞ ሕመም ይከተለዋል ይባላል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ እውነት ነው አይደለም ብዬ አልከራከርም። ብቻ የእነዚያ ተረቶች ባለቤት የሆነውን የዋናውን አታላይ ስም እዚህ አልጽፈውም። ገና ሐምሌ ነው፤ የእኛ በጋ።

ኮኩም የጃኔል አያት ናቸው፤ ሰፈሩ ግን በሙሉ ኮኩም፣ አያቴ ብሎ ነው የሚጠራቸው። ጃኔል ሦስት ዓመት በየበረዶው ወራት ምድጃቸው አጠገብ ተቀምጣ ተረታቸውን በመቅረጫ ቀድታለች። ምረቃውን ግን በሰኔ፣ በነባር ሕዝቦቻችን በዓል ቀን አደረገችው። ከተማ ያደገች ልጅ ናት።

የዚያን ዕለት ጠዋት በአዳራሹ ወጥ ቤት ዓሣ ስጠብስ ኮኩም በጓሮ በር ገቡ። መጽሐፉን በሳህን መጥረጊያ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘውታል።

«ላቨርን፣ ይቺን ፕሮግራም አንብቢልኝ። መነጽሬን ረስቻለሁ።»

መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። አነበብኩላቸው፤ ከምሳ በኋላ ኮኩም ቪክቶሪን የመጀመሪያውን ተረት ያነባሉ ይላል።

«እኔም እንደዚያው ነው ያነበብኩት» አሉና የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጡ። «እህቴ ሮዛሊ በሐምሌ ተረተች። ሕፃኗን በመስከረም ቀበርን። አሁን ሳቂብኝ።»

«መች ሳቅኩ?»

«ጃኔል እርጉዝ ናት፤ ስድስት ወሯ ነው።»

«እንግዲያው አላነብም ይበሏቸዋ!»

«ከከተማ በጠራቻቸው እንግዶች ፊት ልጄን ላዋርዳት? ስንት የለፋችበትን?»

ዓሣው አረረብኝ። ጃኔልን ጠርቼ ስነግራት ፊቷ ዱቄት መሰለ።

«በበረዶ ብቻ እንደሚነገር በጥር ነግረውኝ ነበር! ቀኑን ስይዝ ግን... ስለ እንግዶቹ ወንበር ነው ያሰብኩት፣ ኮኩም። ስለ ወንበር!»

«አታልቅሺ፣ ለሆድሽ ጥሩ አይደለም» አሏት ኮኩም።

የአሳታሚው ሰው ሚስተር ፔልተን ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ብቅ አለ። ነገሩን ስንነግረው ራሱን በአክብሮት ነቀነቀና «አንድ ገጽ ብቻ ቢሆንስ?» አለ።

«ያኔ አንድ ጉርጥ ብቻ ይመጣላ» አልኩት። ፈገግ ብሎ ሄደ።

እኔም መላ ያመጣሁ መስሎኝ፣ መሬቱ በረዶ እንዲለብስ የማቀዝቀዣዬን በረዶ ፍቄ እግራቸው ሥር ላፍስስ ወይ አልኩ።

«ዓሣ ዓሣ የሚሸት በረዶ!» አሉ ኮኩም። «ጉርጡን ምሳ ልትጋብዢው ነው?» ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ይልቅ መጽሐፎቹን እሰሪያቸው። ማንም ዛሬ ገልጦ ጮክ ብሎ እንዳያነብ።»

ስድሳውን መጽሐፍ በዓሣ መረብ ክር አንድ በአንድ አሰርኩ። ለመረብ የምጠቀምበት ቋጠሮ ነው፤ ያለ ቢላ አይፈታም። ግን የኮኩምን አፍ በምን ልሰርላቸው? አዳራሹ እየሞላ ነው፤ ባሰርኩ ቁጥር ሰዓቱን አያለሁ፤ እሳቸው ጥግ ይዘው ቀዝቃዛ ሻይ በማንኪያ ያማስላሉ፤ ስኳር አልጨመሩበትም።

ምሳው ተበላ፤ ስማቸው ተጠራ። ጃኔል ፊት ወንበር ላይ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። ኮኩም መድረኩ ላይ ወጡ፤ በጨርቅ የተጠቀለለውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ የጨርቁን ጫፍ ደጋግመው አስተካከሉ። አንዱ ሳለ። ሚስተር ፔልተን ካሜራውን አወረደ። እኔ የወጥ ቤቱን በር ይዤ፣ ቢወድቁ በየት በኩል ሮጬ እንደምደርስ እያሰላሁ ነው።

«ይኼ መጽሐፍ ተኝቷል» አሉ በመጨረሻ። «በረዶ ሲወርድ ይነቃል። በእኔ ላይ የደረሰው ነገር ግን ወቅት የለውም።»

ጃኔል ቀና አለች።

«ሰባት ዓመቴ ነበር። ልጆችን ወደ መነኩሲቶቹ አዳሪ ትምህርት ቤት የምትወስደው አውሮፕላን ሐይቁ ላይ አረፈች። እናቴ የጠበሰችውን ቂጣ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችልኝ። እዚያ ስንደርስ መነኩሲቶቹ ኮቱን ወስደው ቆለፉበት። በየቀኑ ወደ ጸሎት ስንሄድ በዚያ በር እናልፋለን። እኔም አፍንጫዬን የቁልፉ ቀዳዳ ላይ አደርግ ነበር። ይሸተኝ ነበር፤ የእናቴ ቂጣ። ሌሎቹ ልጆች ምንም አይሸትም ይሉኛል። በሰኔ ኮቱን መለሱልኝ። ኪሱን አይጥ በልቶታል።» የኮታቸውን ኪስ የሚፈልጉ ይመስል ሹራባቸውን ዳበሱ። «ለእናቴ በልቼዋለሁ አልኳት። ጣፈጠሽ ወይ? አለችኝ። አዎ አልኳት። አለቀ።»

አላጨበጨበም ማንም። ባፕቲስት የሚባለው ሽማግሌ፣ እዚያው ትምህርት ቤት የነበረው፣ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ጃኔል ሮጣ አቀፈቻቸው። «ሦስት ዓመት ስጠይቅዎ ይኼን አልነገሩኝም!»

«ሦስት ዓመት ተረት ነው የጠየቅሽኝ።»

«አልቀዳሁትም እኮ፣ ኮኩም! መቅረጫው ቤት ነው!»

«ነገ ነይ» አሏት። «ይኼኛው በቢምቢ ወራትም ይነገራል። ገና ብዙ አለው። ዱቄት ይዘሽ ነይ፣ ቂጣ እየጋገርን ነው የምነግርሽ።»

መጽሐፎቹ ከነክራቸው ተሸጡ። የእኔው መጽሐፍ ማቀዝቀዣው ላይ እንደታሰረ ተቀምጧል። እኔ ምንም አልተረትኩም፤ ቢሆንም ከዚያን ቀን ወዲህ ብርድ ልብሴን ሳላራግፍ አልተኛም፤ ጃኔልንም በየማለዳው በመስኮት አያታለሁ። ደህና ናት፤ እስካሁን።