ያልታረመ ሥዕል

ያን ሳምንት ነቅቼ ነው ያሳለፍኩት ብል ውሸታም እባላለሁ። ጠዋት ከ18 ማዞሪያ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ደግሞ ቤቴል በሁለት ታክሲ ስሄድ፣ የተሳፋሪው ትንፋሽ መስኮቱን ጉም ያለብሰዋል፤ እኔ በጣቴ እስልበታለሁ፤ ሥዕሉ ሳያልቅ መውረጃዬ ያልፋል። ሁለት ቀን በእግሬ ተመልሻለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሕይወትሽን ነገር ወስኚ የተባለ ሰው ከሌላው ጊዜ ይልቅ መንቃት ነበረበት። እኔን ግን ጭንቅ ሲይዘኝ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል።

ስሜ ሰልሳቢል ነው። ተማሪዎቼ ይረዝምባቸዋል መሰለኝ "ሚስ ሳቢ" ይሉኛል። ሥዕል ተምሬ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ቤቴል ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ በወሊድ ፈቃድ የወጣች የሥዕል አስተማሪ ተክቼ ለሦስት ወር እንድሠራ ቀጠረኝ። ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል አስተማሪዋ እንደማትመለስ ታወቀ። ሰኞ ዕለት ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ቢሯቸው አስጠሩኝና የቋሚ ቅጥር ውል አስያዙኝ።

"እስከ ዓርብ አስቢበት" አሉኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። "ካልፈለግሽም በግልጽ ንገሪኝ፤ አልቀየምሽም። ግን አንድ እግር ውጪ፣ አንድ እግር ውስጥ ሆነሽ እንዳትቆዪብኝ። ልጆቹ ሰው ይለምዳሉ።"

የዚያኑ ቀን ማታ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ሀምዳን መጣ። ሀምዳን 18 ማዞሪያ ላይ የባነርና የታፔላ ማተሚያ ቤት አለው። አዲስ ትልቅ ማሽን አስገብቶ ዲዛይነር ይፈልጋል። እሱም እስከ ዓርብ መልስ ስጪኝ አለ፤ ከወይዘሮ ጥሩብርሃን ጋር የተማከሩ ነበር የሚመስለው።

"አንቺ የሠራሽው ነገር ዓለም ባንክ መንገድ ላይ ቤት አክሎ ሲሰቀል አይታይሽም?" አለኝ። "እዚያ ማን ያይልሻል? ለሕፃን ልጅ ብርቱካን ስትስዪ ልታረጂ ነው።"

ይታየኝ ነበር። የኔ ችግር ሁሉም ነገር የሚታየኝ መሆኑ ነው። ዓይኔን ስከድን ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ የኔ ቀለም በነፋስ ሲነፋና ሲረግብ፣ ሰው ከታክሲ አንገቱን አውጥቶ ሲያይ ይታየኛል። ዓይኔን ስገልጥ ደግሞ የሦስተኛ "ቢ" አርባ ስምንት ራሶች ደብተር ላይ ተደፍተው፣ የእርሳስ ከለሩ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ የሚጀምር ዝናብ መስሎ ይሰማኛል። ያን ድምፅ እወደዋለሁ። ይህን ለሀምዳን አልነገርኩትም፤ ይስቅብኛል።

ታዲያ ምን አሳሰበሽ የሚለኝ ካለ፣ ቲቸር አምሐ ነው ያሳሰበኝ። ቲቸር አምሐ ኮልፌ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ሥዕል ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ኪሱ የተቀደደ ግራጫ ጋዋን ይለብሳሉ። ሰሌዳው ላይ ብርቱካን ይስላሉ፤ እኛም ብርቱካን እንስላለን። አንድ ቀን ብቻ፣ ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ "የምትወዱትን ሰው ሳሉ" አሉን። እኔ እናቴን ሳልኩ። እማ ያኔም እንደ አሁኑ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች፤ ከቀትር በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ሱቋ ውስጥ ጣቃ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት፣ እንደዚያው አድርጌ ሳልኳት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቲቸር አምሐ ደብተሬን ተቀብለው፣ በቀይ እስክሪብቶ ከጉልበቷ እስከ ትከሻዋ ድረስ ትልቅ ራይት ጎተቱባት። ዘጠኝ ከአሥር። እናቴን እንደ ሒሳብ አረሟት።

ያን ቀን ገጹን ገንጥዬ ቤት ወርውሬው፣ ራት ሳልበላ ተኛሁ። እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል። አስተማሪ ከሆንኩ አንድ ቀን እኔም ሳላውቀው ቲቸር አምሐን እሆናለሁ ብዬ እፈራለሁ፤ ጋዋን ለብሼ፣ የራሴን ቀለም ረስቼ፣ የሰው እናት ላይ ቀይ የምጎትት።

ስለዚህ ለልጆቹ "በሕልማችሁ ያያችሁትን ሳሉ" ብዬ የሰጠኋቸውን ሥራ ማክሰኞ ሰብስቤ ስወስድ፣ ቀይ እስክሪብቶ አላነሳም ብዬ ወስኜ ነበር። ደብተሮቹን በሁለት ትልልቅ ፌስታል ተሸክሜ እማ ሱቅ ሄድኩና ጣቃዎቹ መሀል ተቀምጬ አየኋቸው። ደስ የሚል ከሰዓት ነበር። አንዱ ልጅ ትምህርት ቤቱ በውኃ ተሞልቶ መምህራኑ በባኞ ሲቀዝፉ ሳለ። አንዷ ጨረቃን ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀለቻት። እማ ደንበኛ ስታስተናግድ፣ የምትቀደው ጨርቅ ድምፅ ከሥዕሎቹ ጋር ተቀላቅሎብኝ የቱን አይቼ የቱን እንዳለምኩ ጠፋኝ።

ከሁሉም የማራኪ ነው የያዘኝ። ማራኪ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ የፊት ሁለት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ አባቷ የታክሲ ሹፌር ነው። የሳለችው ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ነው፤ ውስጡ ግን በወንበር ፈንታ አልጋ ተደርድሮበታል። እያንዳንዱ አልጋ ላይ ሰው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቷል። ሹፌሩም መሪው ላይ ተኝቷል። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ አንድ አልጋ ባዶውን ተነጥፎ ይጠብቃል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አልሳልኩም፤ ቅናት ብጤም ተሰምቶኛል፤ ምን ልደብቅ።

ነጥባቸውን ማርክ ሊስቱ ላይ ብቻ መዘገብኩ። ረቡዕ ዕለት ደብተሮቹን አንዲት ቀይ ነጠብጣብ ሳላሳርፍባቸው፣ ንጹሕ አድርጌ መለስኩላቸው። እንዴት ኩራት ተሰምቶኝ እንደነበር አትጠይቁኝ። ትልቅ ስጦታ የሰጠሁ መስሎኝ፣ ሲገልጡ ፊታቸውን ለማየት ጠረጴዛው ላይ ተደግፌ ቆምኩ።

ገለጡ። ቀጣዩን ገጽ ገለጡ። መልሰው የፊቱን ገለጡ። አንዳንዱ ደብተሩን አራገፈ። ደብተሮቹ አንድ በአንድ ወደ ቦርሳ ገቡ። በእረፍት ሰዓት ማራኪ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች።

"ሚስ፣ የኔን አላዩትም?"

"አየሁት እንጂ። በጣም ቆንጆ ነው። ለመሆኑ ሹፌሩ ከተኛ ታክሲውን ማን ይነዳዋል?"

"ማንም። መንገዱን ያውቀዋል" አለች፤ ግን ልቧ እዚያ አልነበረም። "ታዲያ ራይት የለውም።"

"ሥዕል ራይት አያስፈልገውም የኔ ቆንጆ። ይበላሻል።"

አንገቷን ደፋች። በትሕትና "እሺ ሚስ" አለችኝ። እኔም ገብቷታል ብዬ ሻዬን ልጠጣ ሄድኩ። አንዳንዴ እንዲህ ደንቆሮ ነኝ።

ሐሙስ ክፍል ስገባ ግርግር ነበር። "ሚስ፣ ማራኪ ራሷ ራይት አደረገች" አለኝ ከፊት የተቀመጠው ልጅ፤ ሁሉም ሳቁ። ማራኪ ደብተሯን በክንዷ ከልላ በላጲስ ትፈገፍጋለች። ክንዷን ቀስ ብዬ አነሳሁት። በቀይ እርሳስ ከለር፣ የአስተማሪ እጅ ለማስመሰል ሞክራ፣ ታክሲው ላይ የተንቀጠቀጠ ራይት አድርጋ ነበር። ላጲሱ አላጠፋውም፤ አደብዝዞ በትኖት የታክሲው መስኮቶች ሁሉ ጀንበር ስትጠልቅ የሚሆኑትን መስለዋል።

ወደ ኮሪደር ይዣት ወጣሁ። አልተቆጣሁም፤ እሷ ግን ልቆጣ ነው ብላ አስቀድማ አለቀሰች።

"ለምን አደረግሽው?"

"አባዬ ያልታረመ ደብተር አያይም" አለች። "ደክሞት ነው የሚመጣው። 'ሲታረም አሳዪኝ' ይለኛል። ራይት ሲኖረው ግን ቁጭ ብሎ ያየዋል።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "እርስዎ ደግሞ ያላዩት መሰለኝ።"

ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው የማራኪን ታክሲ ያየሁት፤ እሷ ግን ይህን የምታውቅበት ምንም ምልክት አልተውኩላትም። የአርባ ስምንት ልጆች ሕልም ተሸክሜ ወስጄ፣ አንድም ቃል ሳልመልስ ነው ያመጣሁት። አፈርኩ።

ከሰዓት ታክሲ ውስጥ መስኮቱ ላይ አልሳልኩም። ቀጥታ እማ ሱቅ ሄድኩና "እማ፣ ያ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የሳልኩሽ ሥዕል ተጣለ?" አልኳት።

እማ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች አየችኝ። "ለምን ይጣላል?" አለች። ከባንኮኒው ሥር የንግድ ፈቃዷንና የልደት ወረቀቶቻችንን የምታኖርበትን ቆርቆሮ ሣጥን አወጣች። ሥዕሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሁሉም ሥር ነበር። ከወረወርኩት ቀን ወዲህ አይቼው አላውቅም።

ራይቱ እንደማስታውሰው ነው። ከጉልበቷ እስከ ትከሻዋ፣ ወፍራምና አስቀያሚ። ዘጠኝ ከአሥር። ከሥሩ ግን፣ ያኔ በንዴት ያላየሁት፣ ወይም የአስተማሪን የተጠላለፈ እጅ ጽሕፈት ማንበብ አቅቶኝ የዘለልኩት፣ አንድ መስመር በቀይ ተጽፏል፦

"እናትሽ ደክሟቸዋል። አይዞዎት በያቸው።"

ደጋግሜ አነበብኩት። ሳላነብላት ዐሥራ ስድስት ዓመት ያለፈ መልእክት ነው።

"ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?" አልኳት። እማ ማንበብ አትችልም።

"ያን ሰሞን ጎረቤታችን ሚስኪ አንብባልኛለች።" ሥዕሉን ከእጄ ወስዳ በመዳፏ ዳበሰችው። "አንቺን፣ ሀምዳንን፣ ሱቁን ይዤ ብቻዬን ስባክን፣ 'እንዴት ቻልሽው' የሚለኝ ነበር፤ 'ጎበዝ ነሽ' የሚለኝ ነበር። ደክሟታል ያለ ግን አስተማሪሽ ብቻ ነው። ሰውየውን በዓይኔ አይቻቸው እንኳ አላውቅም፤ አላህ ይስጣቸው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ወርውረሽው አልቅሰሽ ተኛሽ። ላንቺ የተጣለ ነገር ነው፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት። የኔ መስሎኝ ያዝኩት።"

ጣቃዎቹ መሀል ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እማ ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም፤ አንድ ደንበኛ መጥታ ስለነበር ጨርቁን በሹክሹክታ ሸጠችላት። ግራጫው ጋዋን፣ የተቀደደው ኪስ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ብርቱካን ሁሉ በፊቴ ሲያልፍ እንደ በፊቱ አላስጠላኝም። ያን ራይት ዛሬም አልወደውም፤ ሌላ ቦታ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። ግን አይተዋታል። እኔ የሳልኩትን ከኔ በተሻለ አይተውታል፤ እኔ እናቴ ተኝታለች ብዬ ነበር የሳልኩት።

ዓርብ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ገባሁ። ደብተሮቻችሁን ክፈቱ አልኳቸውና በየወንበሩ ዞርኩ። እያንዳንዱን ልጅ ራይቱን የት ላድርግልህ፣ የት ላድርግልሽ እያልኩ ጠየቅሁ። ነገሩን እንደ ትልቅ ጉዳይ ነው የያዙት። አንዱ ከደመናው በላይ አለ። ባለ ጨረቃዋ ከገመዱ ጫፍ ላይ፣ እንደ ካልሲ አድርጌ እንድሰቅለው አዘዘችኝ። ከሥሩ ለእያንዳንዳቸው ያየሁትን ነገር አንድ መስመር ጻፍኩ። ክፍለ ጊዜው አልበቃኝም፤ ቀጥሎ የሚገባውን የሒሳብ አስተማሪ ለምኜ ጨመርኩ። ዘወትር የኔን ክፍለ ጊዜ የሚወስዱት እሳቸው ስለሆኑ እምቢ ለማለት አፈሩ።

ማራኪ መጨረሻ ነበረች። የደበዘዘው ሮዝ ቀለም አሁንም መስኮቶቹ ላይ አለ፤ የተኙት ሰዎች ሁሉ ምሽት ላይ ወደ ቤት የሚሄዱ መስለዋል።

"የት ላድርገው?"

አላመነታችም። ትንሽ ጣቷን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ባዶው አልጋ ላይ አሳረፈች።

"የማን ነበር አልጋው?" አልኳት።

"የማንም። አንድ ሰው ከመጣ ብዬ ነው።"

ራይቱን ትንሽ አድርጌ፣ ትራሱ ላይ አጋደምኩት። ከሥዕሉ ሥር "ታክሲው አባትሽን ሳይቀሰቅስ ሰዎቹን ያደርሳቸዋል። እኔም ተሳፍሬያለሁ" ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ማራኪ እየቆጠረች አነበበችው። አሁንም አነበበችው። ከዚያ ደብተሯን ዘግታ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ሳይሆን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

በምሳ ሰዓት ለሀምዳን ደወልኩና ሌላ ሰው እንዲፈልግ ነገርኩት። "ብርቱካን ልትስዪ ነው በቃ?" አለኝ፤ "አዎ" አልኩት። ባነሮቼ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ ለአፍታ ሲነፉ ታዩኝና ቅር አለኝ። ቅር ማለቱ እስካሁንም አንዳንድ ቀን ይመጣል፤ አልዋሽም። ከዚያ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ቢሮ ገብቼ ውሉን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግቼ ፈረምኩ።

ወረቀቱን አንስተው ሲያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ልጄ፣ ውል በቀይ ይፈረማል?"

እጄን አየሁ። ቀይ እስክሪብቶውን ይዤው ነው የመጣሁት። እሳቸው እየተነጫነጩ ሌላ ኮፒ ሊያወጡ ተነሱ። ማተሚያው እስኪሞቅ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየሁ። ማራኪ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ገልጣ፣ ለሌላ ልጅ እኔ የምተኛበትን አልጋ በጣቷ ታሳያለች። ወይዘሮ ጥሩብርሃን አዲሱን ወረቀት ሲያቀርቡልኝ ሰማያዊ እስክሪብቶ ስላልነበረኝ ከሳቸው ተዋስኩ።