ከውስጥ የሚደወል በር

ኤሌክትሪሻኑ በሙያው ስንቱን ፈሪ አይቷል፤ ሌባ ፈርቶ መስኮቱን በብረት ያጠረ፣ ጎረቤቱን ፈርቶ ካሜራ የሰቀለ። የበሯን የኤሌክትሪክ ቁልፍ ከሌባ ማስጠንቀቂያው ጋር እንዲያገናኝላት የጠራችው ሴት ግን ግራ አጋባችው። ሽቦውን ሊዘረጋ ሲል፣ «ከውስጥ መክፈቻ በተን አይኑረው» አለችው።

«እንዴ እህቴ! ሌባው ከውስጥ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ሳሎን የተቀመጡትን ሽማግሌ በአገጯ አሳየችው። አባቷ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ዛሬም ግን ሥራ ረፈደብኝ እያሉ ብድግ ይላሉ። በቀደም ዋናው መንገድ መሃል መኪና ለጥቂት ስቷቸዋል።

«ልጄ ብለው ከጠሩኝ ቆዩ» አለች። «ሲስተር ነው የሚሉኝ። ብቻ በሕይወት ይኑሩልኝ።»

አንጀቱን በላችው። ቢሆንም ሰው ላይ በር ዘግቶ መሄድ እጁ እሺ አላለውም። «እሳት ቢነሳስ? እኔ አባትሽን አላስርልሽም» ብሎ ቁርጡን ነገራት። ሌላ ባለሙያ አላጣም ብላ ተቆጣች። እሱም ድርቅ አለ። በመጨረሻ፣ «በተኑ ሲነካ አንቺ ጋ የሚጮህ ደወል ላድርግልሽና እንሞክረው፤ ካልሆነ በእጄ እነቅለዋለሁ» ብሎ ማለላት።

በተኑን በሩ አጠገብ ገጠመ። ሲጫኑት ቁልፉ ይለቃል፤ መብራት ቢጠፋም ይለቃል። በሩ ተሰብሮ ከተከፈተ የሌባ ማስጠንቀቂያው ጩኸት ሰፈሩን ይቀሰቅሳል፤ በበተኑ ሲከፈት ግን በእሷ መኝታ ቤት የሰቀላት ትንሽ ደወል ብቻ ትጮኻለች።

«በይ መኝታ ቤትሽ ግቢና አድምጪ» አላት። ገብታ በሩን ዘጋች።

እሱ እጁን ሳይሰነዝር ሽማግሌው ቀደሙት። «ረፈደ!» አሉና በተኑን ተጫኑ። ቁልፉ ቀጭ ብሎ ለቀቀ፤ ደወሏም ከመኝታ ቤት አቃጨለች።

ሽማግሌው የተከፈተውን በር ትተው ወደ ውስጥ ዞሩ።

«እንግዳ እየደወለ ማንም አይከፍትም? ምን ዓይነት ቤት ነው!» ኮፍያቸውን አወለቁና ወደ ደወሉ አዘገሙ። የመኝታ ቤቱን በር ሲከፍቱ፣ ልትሮጥ የተነሳችው ልጃቸው ፊት ለፊታቸው ቆማለች። ትክ ብለው አዩዋት።

«ውይ ልጄ! ምነው ደጅ ቆምሽ? ግቢ እንጂ!»

«ዘገየሁብዎት አባዬ» አለችና ገባች።