የሚጠይቀው ካለ እኔን ይጠይቅ

«ከሙቱንጎ ሰፈር እስከ መቃብሩ ድረስ መኪና ከመኪና ተነካክቶ ቆመ! ትራፊኮቹ ፉጨት አለቀባቸው። ሐይቁ ላይ ያሉት ዓሣ አጥማጆች እንኳ መረባቸውን ጥለው ወጡ እኮ» አለ መንሱር፣ ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን፣ እያሽከረከረ።

የወንድሙ የሸረፈዲን ለቅሶ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች ትናንት ራሳቸው ቀብሩ ላይ ነበሩ፤ ሁለት ሚኒባስና ጥቂት መኪኖች እንጂ ሌላ አላዩም። ግን ሐዘንተኛ አይታረምም። መንሱርማ ሐዘን ሳይነካውም ታርሞ አያውቅም። ካባላጋላ ያለችው ምግብ ቤቱ ስድስት ጠረጴዛ ነው ያላት፤ በእሱ አፍ ግን ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ያለ አምባሳደር ሁሉ ተራ ይጠብቅባታል። የፍየል ሾርባው ሙት ያስነሳል ይል ነበር። ከትናንት ወዲህ ይቺን አያነሳትም።

ከኋላው ሁለት ሰዎች ይንሾካሾካሉ።

«ኪቲንታሌ ከታክሲ ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ሲወጣ ነው አሉ፣ ልቡ ቀጥ ያለችው።»

«ቦዳ ሞተር አጥቶ?»

«ቦዳማ ሞልቶ! ለሺህ ሽልንግ ብሎ እንጂ።»

«ወይ ሸረፈዲን! ያቺን ሺህ ሽልንግ ይዟት አይሄድ።»

መንሱር ጆሮው ጋለ። ሹክሹክታውን ለማፈን ድምፁን ከፍ አደረገ። «ይኼን ግቢ ወንድሜ በካሽ ነው የገዛው! በጆንያ ተሸክሞ ሄዶ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፈው። ቆጣሪዎቹ ሦስት ቀን አልተኙም!»

ትናንትም እንዲሁ ነበር። አፈሩ ተመልሶ ዱዓው ካለቀ በኋላ፣ እንደ ደንቡ ከሟች ወገን አንድ ሰው ተነስቶ ሟች ላይ ዕዳ ያለው እንዳለ ሕዝቡን ይጠይቃል፤ ሟቹ የሰው ሐቅ ይዞ እንዳይሄድ። ሌላው ሰው በሁለት ቃል ብሎት ይቀመጣል። መንሱር ግን ጉብታ ላይ ወጣ። «ወንድሜ የማንም አንድ ሽልንግ የለበትም! የሚጠይቀው ካለ እኔን ይጠይቅ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እከፍላለሁ!» ብሎ ጮኸ። አንድም ሰው አልተነቃነቀም። ያን ዝምታ እንደ ኒሻን ደረቱ ላይ ሰክቶ ነው ወደ ቤት የተመለሰው።

«ጋሼ መንሱር፣ ሐቢባ ትፈልግሃለች» አለች የሟች ሚስት እህት ኩልሱም፣ በድንኳኑ ጫፍ ብቅ ብላ።

ሐቢባ፣ የሟች ሚስት፣ የባል ሐዘን መጠበቂያው ዒዳ ላይ ናት፤ ከቤት አትወጣም። ሻርፗን እስከ ግንባሯ አውርዳ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ኩልሱም አጠገቧ ተቀመጠች። መንሱር በሩ አካባቢ ቁጢጥ አለ።

«ትናንት መቃብር ላይ ያልከውን ነግረውኛል» አለች ሐቢባ።

«እና ማን ብቅ አለ? ማን ይደፍራል!»

«ዕዳ አለበት፣ ጋሼ።»

«የማን?»

«የባንክ። የዚህ ቤት።»

መንሱር በሩን ዞር ብሎ አየ፤ ከውጭ የሰማ እንዳለ። «ወለድ ያለው?»

ኩልሱም ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ጣለች። ሐቢባ አልጣለችም። «ሐራም መሆኑን ያውቃል፤ ግን ያኔ ወለድ የሌለው ከየት ያምጣ? ሦስተኛው አከራይ ሲያስወጣን አልጋችን በረንዳ ላይ ዝናብ ሲመታው አይተሃል። ፈርሃና ሆዴ ውስጥ ነበረች። አንተ ጋም መጥቶ ነበር።»

መጥቶ ነበር። መንሱር የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ሳይቀር ያስታውሳል፤ ጥጉ ላይ፣ ምንም ሳያዝ። «ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ ብታበድረኝ ለቤት ቀብድ…» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በዚያ ሰሞን መንሱር ራሱ ሥጋ ሻጩን ሸሽቶ በጓሮ በር ነበር የሚገባው የሚወጣው። ግን ደንበኞች ተቀምጠዋል፤ ጆሮ አላቸው። «ገንዘቤ ሁሉ ሞምባሳ ወደብ ኮንቴይነር ውስጥ ሆኖብኝ እንጂ፣ ቤቱን ብቻ? ኮረብታውን እገዛልህ ነበር!» አለው። ሸረፈዲን «አላህ በሰላም ያስገባልህ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በየዒዱ ሲገናኙ «ኮንቴይነሩ ገባ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ለማሽሟጠጥ አልነበረም። አምኖት ነው።

«የአሥራ አምስት ዓመት ብድር ነበር» ቀጠለች ሐቢባ። «ሲፈርም ‹ሐቢባ፣ ከዚህ እሳት ሳልሞት ልውጣ› አለኝ። የወሩን እንከፍላለን፤ አርብ አርብ ደግሞ ከጁምዓ መልስ የተገኘችውን ይጨምርበታል። ያልተሳፈረበት ቦዳ፣ ያልገዛነው ስኳር። ጠዋት ዋንዴገያ ያለው ሱቁ በር ላይ አንዲት ሮሌክስ፣ እንቁላል የተጠቀለለባት ቂጣ፣ ይገዛል፤ ግማሹን በልቶ ግማሹን ለምሳ ይጠቀልላል። ‹መነከስ ያለበት ዋናው ብድር ነው› ይለኝ ነበር። ‹ወለድ ጥላ ነው። ዋናው ሲያጥር ጥላውም ያጥራል።›»

«ሺህ ሺህ እየወሰደ?»

«ሺህም፣ ሁለት ሺህም። የባንኩ ገንዘብ ተቀባይ ይስቅበታል። ‹ይሳቅ፤ ለሳቅ አያስከፍሉም› ይላል። የመጀመሪያውን ዓመት ምን እንዳደረጉት ታውቃለህ? የጨመረውን ሁሉ ለመጪው ወር ክፍያ እያስቀመጡት፣ ዋናው ንቅንቅ ሳይል ቆየ። ሲያውቅ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ሄዶ መስኮቱ ስር ቆመ፤ እስኪያስተካክሉለት ሱቁን አልከፈተም። በኋላ እያንዳንዷን ሲከፍል ‹ለዋናው› ብሎ ያስጽፋል።»

«ለእናታችን ቀብር ደሴ ያልሄደውም ለዚህ ነው?» አለ መንሱር።

እናታቸው ስትሞት መንሱር ትኬት ቆርጦ ወደ አገር ቤት ሄዶ ነበር፤ በብድር። እዚያም፣ እዚህ ከተመለሰም በኋላ፣ ለጠየቀው ሁሉ «ወንድሜ እጁ አይፈታም» ብሎ ነበር የመለሰው።

«ስንት ቀረው?»

«አራት ሚሊዮን። ለረመዳን እንጨርሳለን ብሎኝ ነበር።» ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳበች። ከዚያ «ጠዋት ባንኩ የምትሠራው ልጅ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ነበር» አለች። «ብድሩ ኢንሹራንስ አለው፤ የሞት ወረቀት ካመጣችሁ የቀረውን ይዘጋዋል አለችኝ።»

መንሱር ከተጎነበሰበት ቀና አለ። ደረቱ ሞላ። «ታዲያ አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ! በዚህ ነው እንዴ ነፍሴን…»

«ብያለሁ። ከዚያ ጠየቅኳት፤ በመጀመሪያው ዓመት ሞቶ ቢሆንስ? አልኳት። ‹ሙሉውን ይዘጋው ነበር› አለችኝ።»

ኩልሱም የእህቷን እጅ ያዘች።

«ሙሉውን፣ ጋሼ! ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ ሥጋውን ቢበላ፣ እናቱን ቢቀብር፣ ያንን ዳገት በቦዳ ቢወጣ፣ ሞቱ ይከፍልለት ነበር። እሱ ሲሮጥ ሲሮጥ…» ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው። ቆይታ ፊቷን ጠረገች። «እኔ ኢንሹራንሱን አልፈልገውም። እሱ ‹ሳልሞት ልውጣ› አለ እንጂ ‹ሞቴ ያውጣኝ› አላለም። በእጁ የጀመረውን የወገን እጅ ይጨርስለት። ግን እጄ ላይ ምንም የለም። አንተ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ እኔን ይጠይቅ ብለሃል። ይኸው፣ ጠየቅኩህ።»

መንሱር ኪሱ ውስጥ አርባ ሺህ ሽልንግ አለ። ኮንቴይነሩ፣ ያ ሞምባሳ የቀረ ኮንቴይነር፣ ጉሮሮው ድረስ መጣለት። አፉን ከፈተ። ሐቢባ እንደ ሸረፈዲን አድርጋ፣ ቃሉን ልታምነው ተዘጋጅታ እያየችው ነበር።

«መጣሁ» ብሎ ወጣ።

ከድንኳኑ ውጭ ኢስሀቅ ጫማውን ያወልቃል፤ የመለዋወጫ ነጋዴ ነው፣ የመንሱርን ጄኔሬተር ሲለምን ዓመት አልፎታል። መንሱር ክንዱን ይዞ ወደ አጥሩ ወሰደው።

«ጄኔሬተሯን አሁንም ትፈልጋታለህ?»

«ካባላጋላን በሙሉ ታበራለች የምትላትን?»

«ስድስት ጠረጴዛ ነው የምታበራው። ፍሪጅ ሲጨመርባት ታስላለች።»

ኢስሀቅ ትክ ብሎ አየው። መንሱር አንድን ነገር በልኩ ሲናገር ሰምቶ አያውቅም። «አሞሃል?»

«አራት ሚሊዮን። አሁን፣ በሞባይል መኒ።»

«በለቅሶ መሃል ንግድ፣ መንሱር? ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። ስለ ሸረፈዲን ብለህ አትጠይቀኝ።»

ኢስሀቅ ዋጋ ሳይከራከር ስልኩን አውጥቶ ገንዘቡን ላከለት።

መንሱር ተመልሶ በሩ ላይ ቁጢጥ ሲል ሐቢባ የብድሩን ቁጥር በቃሏ ነገረችው፤ አንድ አኃዝ ሳትስት፣ ፋቲሓ እንደሚቀራ ሰው። ጣቶቹ ወፍራም ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፤ ኩልሱም ስልኩን ያዘችለት። ላከው። ከዚያ ሦስቱም ጠበቁ። ጓዳ ውስጥ የሸረፈዲን ስልክ ጢጥ አለ። ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ማንም አላጠፋውም ነበር። ኩልሱም አምጥታ ሰጠቻት፤ ሐቢባ መልእክቱን አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ ስልኩን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«አለቀ» አለች። «አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

መንሱር ተነስቶ ወደ ድንኳኑ ወጣ።

ድንኳኑ ውስጥ ምሳ ሊቀርብ ነው፤ ሰዎቹ ክብ ክብ ሠርተዋል። ሼኹ ቦታ ለቀቁለት። «መንሱር፣ ትናንት የተጣራኸው እንዴት ሆነ? የሚጠይቅ መጣ ወይስ አልመጣም?» አሉት።

ጆሮ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሐይቁ እንደገና ሊንቀሳቀስ ነው፤ ጆንያው እንደገና ሊዘረገፍ ነው። መንሱር በዕድሜው ካወራው ሁሉ የሚበልጥ፣ ደግሞም ምንም ያልተጨመረበት ወሬ ምላሱ ላይ ተቀምጧል። ቢያወጣው የወንድሙን ወለድ አብሮ ያወጣል።

«መጥቶ ነበር» አለ። «ጨርሰናል።»

አልተቀመጠም። ጥግ ላይ የቆመውን ማንቆርቆሪያ አነሳ፤ ሳፋውን በሌላ እጁ ያዘ። እሱ፣ በሰው ቤት ሁሌ የክብር ቦታ የሚይዘው ሰው፣ ከበሩ ጀምሮ እያጎነበሰ ያስታጥብ ጀመር። «ጋሼ፣ ተው እኛ እናስታጥብ» አሉት። አልሰማም። አንድ በአንድ፣ እጅ በእጅ፣ ድምፁን ሳያሰማ ዞረ። የመጨረሻው ሰው እጁን አራግፎ፣ አመስግኖ፣ ወደ ሳህኑ ዞረ። ውሃው አልቋል። መንሱር ግን ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለ፣ ከሥሩ የሚታጠብ የወንድሙ እጅ ያለ ይመስል፣ እንደተጎነበሰ ቆየ።