ባትሪው ያገገመ ሰሞን

ሚጡ እናቷን ለኩላሊት እጥበት ማመላለስ ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። አርባ ሊሞላት ምንም ያልቀራት ሴት ናት፤ በእናቷ አፍ ግን ያው ሚጡ ናት፤ ነርሶቹም ከእናትየው ለምደው ሚጡ ይሏታል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እናቷን ደግፋ ታስገባና፣ ደማቸው በቱቦ ወጥቶ ታጥቦ እስኪመለስ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ትቀመጣለች።

ሥራዋ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ሰዎች ስብሰባ ይሰበሰባሉ፣ ይቀርጻሉ፤ እሷ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ «ከእኔ በፊት የተናገሩት እንዳሉት» እያለ የሰው ጊዜ የሚበላውን ሁሉ ቃል በቃል ትጽፋለች። የምትጽፍበት ላፕቶፕ አርጅቷል። ታናሽ ወንድሟ «አዲስ ከምትገዢ» ብሎ ሊኑክስ የሚባለውን፣ ማንም በነፃ ወስዶ እንደፈለገ የሚያሻሽለውን ሲስተም ጭኖላታል። ፍጥነቱ አልከፋም። ባትሪው ግን እጥበቱ ሳይጋመስ ድርግም ይላል። ኮሪደሩ ላይ ያለችው አንዲት ሶኬት የውኃ ማቀዝቀዣው ናት፤ ጥበቃው ቻርጀር ካየ «እህቴ፣ ቤትሽ መሰለሽ?» ይላታል። ስለዚህ ላፕቶፑ ሲጠፋ ክዳኑን ትዘጋና እናቷ ዘንድ ትገባለች። የቀረውን ሥራ እናቷን ካስተኛች በኋላ ትጨርሰዋለች። ዓይኗ እንደቀላ፣ ወገቧ እንደተቆረጠ ነው የሚነጋላት።

አንድ እሑድ ከቤት ወደ ወንድሟ ደወለች። ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ፣ ትርፍ ሰዓቱን ኮምፒውተር ሲፈታ ሲገጥም የሚያጠፋ ሰው ነው።

«ይሄ ነገር አልሆነልኝም። ልጥለው ነው» አለችው።

«አትጣይው እቴ። የሚበላው በዝቶበት ይሆናል እንጂ ባትሪው ገና ነው። ቻርጀሩን ንቀዪው፤ ያኔ ነው የሚታየው። አሁን ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁሯን መስኮት ክፈቺና የምልሽን ጻፊ።»

እያዛጋ ነገራት፤ እያዛጋች ጻፈች። በላፕቶፑ ውስጥ የትኛው ዕቃ ምን ያህል ኃይል እንደሚስብ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ መጣ። ከሁሉ በላይ ያለውን አነበበችለት።

«ያዝነው» አለ። «ላፕቶፑ ሁለት የምስል ካርድ አለው። ትልቁ ለጌም ነው። አንቺ ጌም አትጫወቺ፤ እሱ ግን ተኛ ያለው ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ሲበላ ይውላል።»

«እንደ ሥራ ፈት አማች።»

ወንድሟ ሳቀ። ከቻርጀር ሲነቀል በራሱ ወደ ቁጠባ የሚገባ ፕሮግራም አስጫናት፤ ትልቁን ካርድ አስተኙት፤ ብሉቱዙንና ካሜራውን ዘጉ፤ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አደረጉ። መሀል ላይ አንድ ፊደል ገድፋ ዋይፋዩም አብሮ ተኛና፣ እሱን ለመቀስቀስ ሌላ ዙር ተሰቃዩ።

«መጥተህ ብትሠራው አይቀልም ነበር?» አለችው ሲጨርሱ።

«ፈረቃው መቼ ይለቀኛል። እማዬን ሳሚልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ላፕቶፑ እስከ እጥበቱ መጨረሻ ይዘልቅ ጀመር። ሚጡ ሥራዋን እዚያው ኮሪደሩ ላይ ጨርሳ ትነሣለች፤ ማታ ከእናቷ እኩል ትተኛለች። እፎይ አለች።

አንድ ሐሙስ ትከሻዋን ሰው ነካት። ማዳመጫዋን አወለቀች። ነርሷ ነበረች።

«ሚጡ፣ እማማ ከማሽኑ ከወረዱ ቆዩ። ብጠራሽ ብጠራሽ አልሰማሽም።»

እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ጫማቸውን አድርገዋል፤ ሌላውን በእግራቸው እየፈለጉ፣ በአንድ እጃቸው የክንዳቸውን ፋሻ ተጭነዋል። ሚጡ ተንበርክካ ጫማውን አጠለቀችላቸው። ታክሲ ውስጥ እናቷ ተናገሩ።

«ያ ዕቃሽ ዳነ መሰለኝ።»

«ዳነ እማዬ። አሁን እስከ መጨረሻው ይቆይልኛል።»

«እሰይ» አሉ። በመስኮቱ ሲያዩ ቆዩና «በፊት ሲጠፋብሽ ትገቢ ነበር» አሉ።

ወቀሳ አልነበረም፤ ለዚያ የሚሆን ጉልበትም የላቸውም። ሚጡ ስትገባ የረባ ወሬ አያወሩም ነበር። ደማቸው ሲዞር ስለሚበርዳቸው እጃቸውን ይዛ ትቀመጣለች፤ አንዳንዴ እሳቸው ያንቀላፋሉ፣ አንዳንዴ እሷ። ከገባች ስንት ሳምንት እንደሆናት ለማስታወስ ሞከረች፤ ጠፋባት።

ማታ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ምነው፣ ባትሪው አገረሸበት?»

«ባትሪው ደህና ነው። የእማዬ ነገር ነው።»

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ብቻዋን ነው ተኝታ የምትውለው። ላፕቶፑ ሲጠፋ እገባላት ነበር፤ አሁን አይጠፋም፣ እኔም አልገባም። ሥራውን ብተወው አንኖርም።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ደክሞኛል ወንድሜ። ላፕቶፕ በስልክ ይታከማል። እሷ በስልክ አትሆንም።»

ከወንድሟ ጀርባ የፋብሪካው ማሽን ሲያጓራ ይሰማል።

«ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ ነው የምወጣው» አለ በመጨረሻ። «እንቅልፌን ይዤ ነው የምመጣው።»

«ይዘኸው ና።»

መጣ። የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም፤ ዘይት ዘይት ይሸታል። እህቱን በአገጩ ሰላም ብሎ በቀጥታ ወደ ውስጥ ገባ። ሚጡ ማዳመጫዋን አንድ ጆሮዋ ላይ ብቻ አድርጋ መጻፍ ጀመረች። ግን አላስቻላትም፤ የጀመረችውን ጽሑፍ ዘግታ ተከተለችው።

ወንድሟ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ራሱን አልጋው ጠርዝ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። እናቷ ቱቦ የሌለበትን እጃቸውን በልጃቸው ፀጉር ውስጥ አስገብተዋል። ሚጡን ሲያዩ ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው ወሰዱ።

«ተይው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ልጅ ነው» አሉ በሹክሹክታ።

«ሊያጫውትሽ መጥቶ ተኛ?»

«ይተኛ። ትንፋሹ ያሞቀኛል።»

ሚጡ ሌላ ወንበር ስባ በእግራቸው በኩል ተቀመጠች። ነርሷ ለአንድ ታማሚ የሚፈቀደው አንድ አስታማሚ ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ ሦስቱን አየችና መጋረጃውን ስባላቸው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የወንድሟ ነው። አንዳንዴ ይቀራል። ማክሰኞና ሐሙስ ሚጡ ባትሪው ቢኖርም ባይኖርም መሀል ላይ ክዳኑን ዘግታ ትገባለች። ያልጨረሰችው ሥራ አሁንም ማታ ይጠብቃታል፤ ዓይኗም እንደ ድሮው ቀልቶ ያነጋል።