ለጎህ የቆየችው ቃል

ነጋዴዋ ዘሊካ ደብዳቤውን ከድንበር ማዶ ከገላባት ያመጣችው በሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ደብቃ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግ ወደ ሱዳን የተሻገረ ልጅ ወሬ፣ የቀበሌ ሰው ባለበት አይነበብም። እናቱ እትዬ ጥሩአየሁ ወረቀቱን በመቀነታቸው ቋጥረው፣ እኔ ወደምጠብቀው የሰሊጥ እርሻ በቀትር መጡ።

"አዱኛ፣ ከዚያ ሬዲዮህ ጋር ተጋብተሃል እያልን ስንስቅብህ ኖርን" አሉ። "ዛሬ ሚስትህ ትጥቀመኝ። የስደተኞች ካምፑ ሐኪም በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው አሉ። ልጄ እንግዳው ይኑር አይኑር ሳላውቅ ሁለት ክረምት አለፈኝ።"

እንግሊዝኛን የተማርኩት መጀመሪያ ማሽላ፣ ኋላም ሰሊጥ እየጠበቅሁ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ በማዳመጥ ነው። አስተማሪው ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ከሁሉ የወደድኩለት የተውሳከ ግስንና የመስተዋድድን ትምህርት ነው። እኛ መቼ፣ የት፣ እንዴት የሚለውን አስቀድመን ደርድረን፣ የሆነውን ነገር መጨረሻ ላይ እናሳርፋለን። እነሱ ግን የሆነውን ቶሎ ይናገሩና "በቀስታ"፣ "ከዛፉ ሥር"፣ "ከወንዙ ማዶ" የሚሉትን እንደ ግመል አንዱን ካንዱ አስረው ከኋላ ያስከትላሉ። እነዚያ ግመሎች በሐሳቤ ሲያልፉ እያየሁ ስንት ቀን መሽቶብኛል።

ወረቀቱን ዘረጋሁ። የመጀመሪያው ቃል "እንግዳው" ይላል። ሁለተኛው "ሞተ" ይላል።

የታጨደው ሰሊጥ ነዶ ነዶ ሆኖ ቆሟል፤ ነፋስ ሲነካው ፍሬው ከውስጥ ይንሿሿል። መርዶ በቀትር፣ ብቻዋን ለቆመች እናት አይነገርም። በጎህ ነው፣ ዘመድ ከቦ። እኔ ደግሞ አነባለሁ ብዬ ተቀብያለሁ።

"አንብብ እንጂ!"

ውሸት እፈራለሁ፤ እግዜር ይሰማል። ያችን ቃል ባለችበት ተውኳትና ከኋላ የተከተሉትን ግመሎች ወደ ፊት ሳብኩ።

"ማለዳ..." አልኩ።

"እሺ፣ ማለዳ።"

"ከወንዝ አጠገብ፣ ከትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር..."

ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ወንዙ ሰፊ ነው?"

"አልጻፈም።"

"ሰፊ ነው። ይታየኛል።"

"ጓደኛው ዘሩ እጁን ይዞት..."

"ዘሩ! ያ ለፍላፊ!" ሳቅ አሉ። "ለወንዙም ሲያወራለት ነው የሚሆነው።"

"በሰላም..."

ሌላ ግመል አልቀረኝም። ነፋሱ ተኛ። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ መሰለኝ፣ ሁለታችንም በዚያ ወንዝ ዳር ቆመን ነበር፤ ውኃው ድምፅ የለውም፣ ጥላው እግራችን ድረስ ደርሷል፣ ጎህ ሊቀድ ነው፣ ግን አይቀድም።

"አዱኛ" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "በሰላም ያልከው ከወረቀቱ ነው፣ ካንተ?"

"ከወረቀቱ ነው፤ መድኃኔዓለም ምስክሬ።"

"አሳየኝ።"

ፊደል አያውቁም። ጣታቸውን ይዤ በቃሏ ላይ አኖርኩት። ከዳር እስከ ዳር ዳበሷት።

"ረዘም ያለች ናት" አሉ። "ደግ።"

መቀነታቸውን አጥብቀው ተነሡ።

"የቀረውን ነገ በጎህ ትነግረኛለህ። እህቴ ውባንች ትኑር፣ ጎረቤትም ይኑር። አሁን አልሰማሁም።"

በነዶዎቹ መካከል ቀጥ ብለው ሄዱ። አንድም ነዶ በቀሚሳቸው አልነኩም።

በማግስቱ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ ጎረቤቶችን አስከትዬ ደጃቸው ደረስኩ። ግቢው ተጠርጓል፤ በሩ ወለል ብሏል። ውባንች ካጠገባቸው ነበሩ። እትዬ ጥሩአየሁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

"ግባ አዱኛ" አሉ። "ማለዳ ነው።"

ያችን አንዲት ቃል ይዤ ገባሁ።