የማይሰማው እግር

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ሰው ገጭቶ አያውቅም። ረጋ ብሎ ስለሚነዳ ተሳፋሪው «ጋሽ ዝግታ» ብሎ ስም አወጣለት፤ እሱም ወደደው። የጡረታ ዕድሜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሚስቱ ይብቃህ ስትለው ግን «ብረት እንኳ ከቆመ ይዝጋል» ይላታል። ጎረቤቱ ሥራ ባቆመ በዓመቱ አልጋ ላይ ሲውል አይቷልና፣ መቀመጥን ከያዘው ስኳር በሽታ ይበልጥ ይፈራው ነበር።

አንድ ምሽት ከሥራ ሲገባ ሚስቱ ወለሉ ላይ የደም ዱካ አየች።

«ምን ረግጠህ ነው?»

ቀኝ ጫማውን ለማውለቅ ቢስብ እንቢ አለው። ምስማር ሶሉን በስቶ ተረከዙ ውስጥ ገብቷል። ጠዋት ይግባ ከሰዓት አያውቅም። ሚስቱ ስትነቅለው እንኳ አላመመውም። ቁስሉን አጥባ ጠቀለለችና ቀና አለች።

«በዚህ እግር ነው ፍሬን የምትረግጠው?»

«እግሬ ሥራውን ያውቃል።»

«ቢያውቅ ምን ዋጋ አለው፣ ላንተ ካልነገረህ?»

ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለው ነገ ዛሬ እያለ ሳምንት አለፈ።

ሐሙስ ዕለት የገበያው መብራት ላይ ቀይ በራ። ፍሬን ረገጠ፤ የረገጠ መሰለው። አውቶቡሱ ግን ዝም ብሎ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ቢያይ እግሩ ከፔዳሉ ጎን ባዶ ወለል ላይ ተጭኗል። የእጅ ፍሬኑን ጎትቶ ሲያቆም፣ ሽንኩርት በዘንቢል የያዘች ሴት ከፊቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበረች።

«ቀስ በል እንጂ አባቴ» ብላው ተሻገረች።

«ዛሬ ደግሞ ጋሽ ዝግታ ቸኩሏል» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሌሎቹ ሳቁ። እሱ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ተመልሶ እስኪቀላ አልተንቀሳቀሰም።

ተሳፋሪውን አውርዶ፣ ሌላ ሾፌር ተጠርቶ አውቶቡሱን ከወሰደ በኋላ፣ ወደ ስምሪት ኃላፊው ቢሮ ገባ። ኃላፊው እሱ ራሱ መንዳት ያስተማረው ልጅ ነው።

«እግሬ አይሰማኝም። ዛሬ ሰው ልገድል ነበር።»

ኃላፊው ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ጋሼ፣ ሾፌር የለኝም። ሳምንት ይረፉና ይመለሱ። ይቺን ነገር ለማንም አይንገሩ።»

ልቡ እሺ በል፣ እሺ በል አለው። አፉ ግን «አልችልም፣ ልጄ» ብሎ ቀደመው። ወጥቶ ሲሄድ ግቢ ውስጥ የቆሙትን አውቶቡሶች ላለማየት አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ሚስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ጨርቁን ፈትታ ቁስሉን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄን ያህል ቀን ለምን ቆዩ?»

ሚስቱን አየ፤ እሷ ወደ መስኮቱ ዞራለች።

«ሥራ ነበረኝ» አለ።